ለመረብ ኳስ ዋንጫ ከጎንደር ካርቱም

ካርቱምን አይቼ ተመልሻለሁ። ላላያችሁት የምነግራችሁ ብዙም እንዳልቀረባችሁ ነው። ሙቀቱን የፈለገ በሩን ዘግቶ ምድጃ አጠገብ ይቀመጥ፤ አቧራውን የፈለገ ከአዘዞ ከሚወጣ የጭነት መኪና ኋላ ይቁም። እኔስ የሄድኩት አገር ለማየት አልነበረም። ሠላሳ አራት ዓመት በጎንደር ትምህርት ቤቶች ስፖርት ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ፤ የሄድኩት መረብ ኳስ ለማየት ነው። ይህን ስናገር የሰፈሬ ሰዎች ሳቁብኝ። አልፈረድኩባቸውም።

ታናሽ ወንድሜ አስራት ካርቱም ከገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። እዚያ በአንድ ትንሽ የግል የጤና ኮሌጅ የመረብ ኳስ ቡድን ያሠለጥናል። ተጫዋቾቹ እዚያው የተወለዱ ወይም በሕፃንነታቸው የሄዱ የእኛው ልጆች ናቸው። የከተማው ኮሌጆች በየዓመቱ በሊግ ይጋጠማሉ፤ ዘንድሮ የአስራት ቡድን መሪ ሆኖ መጨረሻው ጨዋታ ላይ ደረሰ። "ጋሼ፣ ዋንጫው የእኛ ነው፤ መጥተህ እይ!" እያለ በስልክ ነዘነዘኝ። አስራትን ኳስ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ኳስ ወደ እሱ ሲመጣ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ያሠለጠነው ቡድን መሪ ከሆነ፣ ከኋላው ያሉት ምን ዓይነት ናቸው? ከዝንጀሮ ቆንጆ ምን ይመራርጡ!

በኋላ ግን ባለቤቱ ትዕግሥት ለብቻዋ ደወለች። የኮሌጁ ዲን አስራትን ጠርቶ፣ ዋንጫውን ካመጣህ ውልህን ለሁለት ዓመት አድስልሃለሁ፣ ካላመጣህ የስፖርት ክፍሉን እዘጋዋለሁ ብሎታል። ውል ከሌለ ኢቃማ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ አይታደስም። ኢቃማ የሌለው ሰው ደግሞ ፖሊስ ባየ ቁጥር መንገድ ሲቀይር ይኖራል። ሁለት ሴት ልጆች እዚያ ወልደው እዚያ ያስተምራሉ። ይህን ከሰማሁ በኋላ መቅረት አልቻልኩም።

ሰኞ

ማለዳ ከጎንደር ወጣሁ። በእጄ አንድ ሻንጣ፣ በትከሻዬ ለቡድኑ የገዛኋቸው ሁለት አዲስ ኳሶች። ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ እንጂ ይገባቸዋል ብዬ አይደለም። ሚኒባሱ ለአሥራ ሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ" እያለ አሥራ ዘጠኝ አደረሰን። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አንዱን ኳስ ተንተርሰው እስከ ሸኽዲ አንቀላፉ። ቀስ ብዬ ልስብ ስሞክር ነቁና "ምነው ወንድሜ፣ ምን አደረግሁህ?" ብለው ተቆጡኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። በገዛ ኳሴ!

መተማ አልጋ ያዝኩ። በሩ ላይ "መኝታ ከነማራገቢያው" የሚል ተጽፏል። ማራገቢያው አለ፤ መብራቱ የለም። ባለቤቱን ብጠይቀው "ማራገቢያ አለ አልን እንጂ ይዞራል አላልንም" አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ትለዋለህ? ጎንደር ብርድ ልብስ ደርቤ የምተኛ ሰው፣ መተማ ላይ ሸሚዜን አውልቄ በካርቶን ራሴን ሳራግብ አደርኩ።

ማክሰኞ

ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ገላባት ገባሁ። ወረቀት የሚያስጨርስልኝ አንድ የእኛ አገር ደላላ ይዤ ነበር፤ ሦስት ቋንቋ እችላለሁ ብሎ ነው የተያዘው። ፈታሹ ኳሶቹን ነካ ነካ አደረገና "ጁዋ ፊ ሸኑ?" አለ፤ ውስጡ ምን አለ ማለቱ ነው። "ንፋስ ነው በለው" አልኩ። ፈታሹ ሳቀና "የሱዳን ንፋስ አንሶን ነው?" ብሎ ሊያሳልፈን እጁን አነሣ። በዚህ ጊዜ ነው ደላላዬ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ንፋስ መሆኑን ላሳያችሁ" ብሎ አንዱን ኳስ በሽቦ የወጋው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ኳሱ ፍስስ ብሎ ሲሞት ፈታሹ ራሱ ደነገጠ። "ማዓለሽ፣ ማዓለሽ ያ ሐጅ" እያለ፣ ይቅርታ አይዞህ ማለቱ ነው፣ ሻይ አስመጣልኝ። ሻያቸው ስኳር በሻይ ነው፤ ማንኪያው ብቻውን ይቆማል።

ወደ ገዳሪፍ የወሰደን አውቶቡስ ከእኛ ይሻላል፤ ይህን መጻፍ ቢከብደኝም። እያንዳንዱ ሰው አንድ ወንበር አለው። የእኛው አውቶቡስ ለጫት፣ ለከሰል፣ ለዘመድ ይቆማል፤ የእነሱ ለጸሎትና ለቁርስ ብቻ ነው የቆመው። ቁርስ ላይ ዞር ብዬ ልቀመጥ ስል አንድ የማላውቀው ሰው አንጓዬን ያዘና "ታዓል ያ ዐም!"፣ ና አጎቴ፣ ብሎ ጎትቶ ከሰባት ሰው ጋር ትሪ ዙሪያ አስቀመጠኝ። ስሜን የጠየቀ የለም። በሰሊጥ ዘይት የሚዋኝ ፉል ነበር፤ እኛ ዘይት እንዲህ የምናፈሰው ለተሰበረ እግር ማሻ ብቻ ነው። ግን በላሁ፤ ሁለተኛ ዳቦም ሰጡኝ፣ በላሁ።

ገዳሪፍ ያደርኩበት ቤት ባለቤት ሸምገል ያለ ሰው ነው። የሞተውን ኳስ ሲያይ እንደ ሰው አዘነ። የብስክሌት መንፊያና መለጠፊያ አስመጥቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ታገለ፤ ሲለጥፍ ይነፋል፣ ሲነፋ ይተነፍሳል። በመጨረሻ አቅፎት መጥቶ "ማዓለሽ" አለኝ። በአንድ ቀን ውስጥ ይህን ቃል ሃያ ጊዜ ሰማሁት። አገሩ በዚህ ቃል የሚሠራ ይመስላል።

ረቡዕ

ከገዳሪፍ በመደኒ በኩል እስከ ካርቱም መንገዱ አንድ ጉብታ የለበትም። የጎንደር ሰው ዓይኑ የሚያርፍበት ተራራ ካላገኘ ይደክመዋል፤ ተኛሁ። አስራት ጣቢያው ድረስ መጥቶ ተቀበለኝ። ፀጉሩ ሸብቷል። በጠባብ ሚኒባስ ሱቅ ዐረቢ ወስዶ፣ ከዚያ እኛ ባጃጅ የምንለውን እነሱ ረክሻ በሚሉት ካርቱም ሁለት ወደሚባለው ሰፈሩ አደረሰኝ። ሱቅ ዐረቢን አውቶቡስ ተራውን ከቅዳሜ ገበያ ጋር አንድ ላይ ቀላቅላችሁ አስቡት። ሁሉም ይጮኻል፣ ማንም አይሰማም።

ቤት የደረስነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ ረሃብ አንጀቴን ይዞታል። ትዕግሥት እግሬን አጠበች፣ ምግብ ግን የለም። ረቡዕ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል።

"የመንገድ ሰው እኮ ነኝ" አልኳት።

"ጋሼ፣ እዚህ ልጆቹ እንኳ ይጠብቃሉ፤ እርስዎን ሲያዩ ምን ይላሉ?"

አርባ አራቱ ታቦት ካለበት አገር መጥቼ ካርቱም ውስጥ ጾም ተማርኩ። ከአገሩ የወጣ ሐበሻ እንዲህ ነው፤ ቋንቋው ይጠፋዋል፣ ጾሙ ይጠብቅበታል። ትልቋ ልጅ ሶልያና አሥራ አራት ዓመቷ ነው። "አጎቴ" ማለት አቅቷት "ዐሞ" ትለኛለች። ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ አጠገቤ ተቀምጣ ቆየች።

"ዐሞ፣ ባባ ከተሸነፈ ጎንደር እንሄዳለን?"

"ማን ነገረሽ?"

"ሰማሁ። ጎንደር በዐረቢ መድረሳ አለ? እኔ በአማርኛ ሒሳብ፣ ዋላሂ፣ አልችልም።"

መድረሳ የምትለው ትምህርት ቤትን ነው። ጎበዝ ከሆንሽ ትችያለሽ አልኳት። ውሸት ነበር። በአማርኛ አንብቢ ብዬ ጋዜጣ ሰጥቼያት ነበር፤ ሁለት መስመር እስክትጨርስ አንድ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሐሙስ

ልምምዱን አየሁ። ሜዳው ሲሚንቶ ነው፤ እኛ የምንጥለውን ዓይነት መረብ እነሱ ቋጥረው ቀጥለው ይጫወቱበታል። ስለ ዕድላቸው የጠየቀኝ ባይኖርም ፍርዴን ልስጥ። መቺው ረጅም ነው፣ ይዘላል፣ ግን ፀጉሩን ካላስተካከለ ሰርቭ አያደርግም። ኋላ የሚቀበሉት ሁለቱ አንድ ኳስ ላይ ሲሮጡ ይጋጫሉ፣ ከዚያ ሁለቱም "ማዓለሽ" ይባባላሉ። አቀባዩ ናሆም የሚባለው አምበል ብቻ ነው እጅ ያለው። እጁ በእርግጥ ልዩ ነው፤ ኳሱ ጣቱ ላይ ደርሶ የሚሄድ እንጂ የሚነካ አይመስልም። እንዲህ ያለ ልጅ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ሁለት ነው ያየሁት። ይህን ለራሱ አልነገርኩትም።

"እንዴት ነው፣ ታሸንፋላችሁ?" አልኩት።

"ኢንሻላህ ጋሼ። ነገ ኸላስ፣ አለቀ፣ ዋንጫው እዚህ ነው። ዋላሂ ለኮች አስራት ብለን ነው የምንጫወተው።"

"አንተ ዲያቆን ነህ አሉ፤ ዋላሂ ትላለህ?"

ሳቀ። ሁሉም ሳቁ። ተፎካካሪዎቻቸው የኦምዱርማን ልጆች ናቸው፤ አንድ ጨዋታ ቀርቷል፣ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። የአስራት ልጆች በሊጉ የመጀመሪያ ዙር እነሱን አሸንፈዋቸዋል። እንግዲህ ማሸነፍ አይችሉም ማለት አይቻልም፤ እኔም ሳልፈልግ እንደዚያ አሰብኩ።

የሊጉ ጨዋታ እስከዚያ ድረስ ማታ በመብራት ነበር። በዚያ ሳምንት የኮሌጁ መብራት ተቃጠለ፤ ስለዚህ የመጨረሻው ጨዋታ ለአርብ አሥር ሰዓት ተቆረጠ። አስራት ዲኑ ዘንድ ተጠርቶ ሲሄድ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሰ ሰው ረክሻ አስቁሞ ወደ እኔ መጣ። ኡስታዝ ኢድሪስ ይባላል፤ የሊጉን ፕሮግራም የሚያወጣው እሱ ነው። በወጣትነቱ ሁመራ ሰሊጥ ይነግድ ስለነበር አማርኛ ይሞክራል።

"ያ መምህር" አለኝ፣ "ነገ ጁምዓ ነው። ናስ ሐበሻ፣ የእናንተ ሰው፣ ይጾማል፣ እኔ አውቃለሁ። አሥር ሰዓት ሙቀት አለ፣ ሆድም የለም። ባሕሪ፣ ከወንዙ ማዶ፣ መብራት ያለው ሜዳ አለኝ። ከመግሪብ በኋላ፣ ማታ፣ ልጆቹ በልተው፣ አርፈው፣ እዚያ እናድርገው። ኦምዱርማኖቹ እሺ ብለዋል። አንተ ትልቅ ነህ፤ ምን ትላለህ?"

አሁን የምጽፈውን በደንብ አንብቡት። ቀና አልኩ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ "የለም፣ የለም፣ ምንም ችግር የለም፤ በእኛ ምክንያት እንዳትቸገሩ" አልኩ።

ለምን እንዳልኩ ብትጠይቁኝ፣ ጨዋ ሰው የሚመልሰው ይህን ስለሆነ ነው። እንግዳ ሆኜ መጥቼ ሜዳ አዛውሩልን ልበል? ሐበሻ ገና ሳይጫወት ሰበብ ይፈልጋል ይበሉን? ሰውየው ትንሽ አየኝ፣ "ኸላስ፣ ታማም፣ እሺ" አለና ሄደ። እኔም ክብራችንን የጠበቅኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተቀመጥኩ። ለአስራት አልነገርኩትም፤ የሚነገር ነገር መሆኑም አልታየኝም።

አርብ

ማለዳ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተጫዋቾቹ አስራት ቤት ተሰበሰቡ። እህል የቀመሰ የለም። ጸበል ብቻ። ቄሱ ትንሽ ብትቀምሱ እግዚአብሔር ይረዳችኋል ብለዋቸው ነበር፤ ናሆም "አባ፣ ለኳስ ብዬ ጾም አልፈታም" አላቸው። ሌሎቹም እሱን አይተው እንቢ አሉ። እኔ ልቆጣ አሰብኩና በረቡዕ ጉዳዬ አፍሬ ተውኩት።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ትዕግሥት ፉል አቀረበች። ጨዋታው ሊጀመር አንድ ሰዓት ቀርቶታል። ግማሾቹ ተሯሩጠው በሉ፤ ግማሾቹ ሆዴ ይከብደኛል ብለው ተዉት። በዚህ የሚሻለው የቱ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የስፖርት መምህር ነኝ እላለሁ እንጂ፣ ሁለቱም መጥፎ መሆኑን ለማወቅ መምህርነት አያስፈልግም ነበር።

ሜዳው ዙሪያ ሰው ሞልቷል። የካርቱም ሁለት ሰፈር ሐበሾች ሁሉ መጥተዋል፤ ሻይ የሚያፈሉት ሴቶች ምድጃቸውን ትተው ቆመዋል። ሲሚንቶው በጫማ ውስጥ ያቃጥላል። ዲኑ ዣንጥላ ስር ተቀምጧል፣ ዋንጫው ጠረጴዛ ላይ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዙሮች እንዴት ብዬ ላውራችሁ? ያን ሁሉ የተናገርኩትን ዋጥኩ። ናሆም ኳሱን ከኋላው ሳያይ ያቀብላል፣ መቺው ፀጉሩን ረስቶ ይዘላል፣ የሚጋጩት ሁለቱ እንኳ ተራ ገቡ። ሁለት ለባዶ! ጮህኩ፤ አንድ የማላውቀው ሰው አቀፍኩ። አስራትን አየሁት፤ ዓይኑ ተከፍቶ ነበር፣ ያለቅስ ነበር።

በሦስተኛው ዙር እግራቸው ሄደ። ያልበሉት ኳሱ ጋ አይደርሱም፤ የበሉት ደርሰው አይነሡም። ኦምዱርማኖቹ በየዕረፍቱ ቴምር ይጎርሳሉ። ሦስተኛው ሄደ፣ አራተኛው ሄደ። በአምስተኛው መቺው ሮጦ ወጥቶ ግድግዳ ጥግ ፉሉን መለሰና አፉን ጠርጎ ተመለሰ። የናሆም ያ ልዩ እጅ ሁለት ጊዜ ድርብ ነካ ተብሎ ተነፋበት። አሥራ አምስት ለአሥራ ሁለት። ዲኑ ዋንጫውን ለኦምዱርማኖቹ ሰጥቶ አስራትን ሳያይ በመኪናው ሄደ። ናሆም ሲሚንቶው ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ።

ቅዳሜ

የተጫዋቾቹ እናቶች ድስት ይዘው መጡ፤ ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። ከተሸነፉ በኋላ ምግብ ተረፈን። ሁሉም ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ አንዱ ዳኛውን ይላል፣ አንዱ ሙቀቱን፣ አንዱ የተቃጠለውን አምፖል። "አሥር ሰዓት መሆኑን ማን ተቀበለ? ማታ ይሁን ብሎ የጠየቀ የለም?" አለች አንዷ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ራሴን ደፍቼ ወጡን በላሁ።

እሑድ

አስራት ኮሌጁ ሄዶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተመለሰ። ውሉ አይታደስም። ኢቃማው የሚቆየው ሁለት ወር ነው። ባሕሪ ያለ አንድ የአናጢ ቤት ባለቤት ስፖንሰር ይሆንህ ይሆናል ብለውታል፤ መቼ ቢል "ቡክራ" ነው መልሱ፣ ነገ ማለት ነው፣ መቼም ማለት ነው። ሶልያና ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች። ትዕግሥት ሳህን አጠበች፤ የታጠበውን ደግማ አጠበች።

ሰኞ

አስራት ሊሸኘኝ ጣቢያው ድረስ መጣ። ሻንጣዬን ራሱ ተሸከመ፤ እኔ ከእጁ ለመቀማት አልደፈርኩም። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል አልቻልኩም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ የወጣው ግን የእኔ ነበርና ነገርኩት።

"አስራት፣ ሐሙስ ዕለት ኡስታዝ ኢድሪስ መጥቶ ጠይቆኝ ነበር። ማታ ባሕሪ ይሁን አለኝ። ምንም ችግር የለም ያልኩት እኔ ነኝ። ኑሮህን ያፈረስኩት እኔ ነኝ።"

ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢመታኝ ደስ ባለኝ። ሻንጣዬን ከትከሻው አወረደ።

"ጋሼ" አለ፣ "ማክሰኞ ዕለት እኔን ጠይቆኝ ነበር።"

"ምን አልከው?"

"በእኛ ምክንያት አትቸገሩ አልኩት።"

ሾፌሩ ጥሩንባ ነፋ። ወጣሁና ተቀመጥኩ፤ አስራት ከመስኮቱ ስር እጁን አንሥቶ ቆሞ ቀረ። ኢድሪስ ሁመራ ኖሯል፣ የእኛን ሰው ያውቃል፤ የአስራትን መልስ አላመነውም፣ ለዚህ ነው ታላቅየውን ልጠይቅ ብሎ እኔ ድረስ የመጣው። ያ ደግ ሰው ሁለት ጊዜ ጠየቀን። ሦስተኛ ጊዜ ቢጠይቀን ኖሮ እሺ እንል ነበር።